የቱባ ቅኝትና የጣት አቀማመጥ

ቱባ ከናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ወገን የዝቅተኛውን ድምፅ ማዕርግ የያዘ ሲሆን፣ በ1835 እ.ኤ.አ. የወታደር ሙዚቃ መሪው ቪልሄልም ቪፕሬኽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ በበርሊን የፈጠራ መብት አስመዝግበውለታል።

ነፊው ፒስተን ሳይነካ ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ከአንዱ ቧንቧ ብዙ ባሕርያውያን ድምፆችን ያወጣል፤ ነገር ግን እነዚህ ድምፆች ከታች የተራራቁ፣ ወደ ላይ በሄዱ ቍጥር የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍት ለመሙላት ቧንቧውን ማስረዘም ግድ ነው። የፒስተኖች ግብርም ይኸው ነው፤ ሁለተኛው ድምፁን በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በሙሉ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ቶን ተኩል ዝቅ ያደርጋል።

ረቂቁ ነገር የሚገለጠው ፒስተኖቹ በአንድነት ሲጫኑ ነው። በሲ ቤሞል የተቃኘው ቱባ ቧንቧው 5.5 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሦስቱ ፒስተኖች፣ እያንዳንዱ ለብቻው በትክክል ቢቃኝ፣ በቅደም ተከተል 67፣ 33 እና 104 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምሩለታል፤ ድምሩም 2.04 ሜትር ይሆናል። ሦስት ቶን ዝቅ ለማለት ግን 2.28 ሜትር ያስፈልጋልና፣ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል፤ ድምፁም ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ጆሮን ያውካል። ስለዚህ አራተኛ ፒስተን ተጨመረ፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ ብሌይክሊም በ1874 ጕድለቱን በራሱ የሚሞላ ሥርዓት ደረሰ፤ ይህም በእኔ ግምት ከመሣሪያው ታሪክ ሁሉ የላቀ ጥበብ ነው።

ቱባ በሲ ቤሞል፣ በዶ፣ በሚ ቤሞል ወይም በፋ የሚቃኝ ስለ ሆነ፣ አንዱ ኖታ በየመሣሪያው ሌላ ጣት ይሻል። በባስ ቁልፍ ከታች በሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፈው ሲ ቤሞል በሲ ቤሞልና በሚ ቤሞል ቱባ ያለ ፒስተን ሲወጣ፣ በዶና በፋ ቱባ አንደኛውን ይጠይቃል። በኦርኬስትራ ኖታው እንደሚሰማው ስለሚጻፍ ነፊው መሣሪያ በለወጠ ቍጥር ጣቱን ይለውጣል፤ በእንግሊዝ የናስ ባንድ ግን ኖታው በየመሣሪያው ቅኝት ተሸጋግሮ በሶል ቁልፍ ስለሚጻፍ፣ ከኮርኔት ወደ ቱባ የተሻገረ ሰው ያንኑ የጣት ሥርዓት ይዞ ይቀጥላል።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ የጣት ሰንጠረዥ ከመያዝህ በፊት ፒስተን ሳትጫን ንፋ፤ የወጣውንም ድምፅ ከፒያኖ ጋር አስተያይተህ የመሣሪያህን ቅኝት ለይ።