የሌጎስ የአውቶቡስ መስመርና የአሽከርካሪዎች ልማድ

በናይጄሪያ የንግድ ማዕከል በሌጎስ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየው የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከማይል 12 እስከ ሲ ኤም ኤስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ይህን መስመር ያዘጋጀው በ2002 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የከተማይቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ላማታ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል መስመሩ ሙሉ በሙሉ አልተከለለም። ከርዝመቱ 65 በመቶ ያህሉ በኮንክሪት ጠርዝ ሲለይ፣ 20 በመቶ ያህሉ በቀለም ብቻ ተሰምሯል፤ በቀሪው አውቶቡሶች ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ጋር ይጋፋሉ። ቀለም ደግሞ አሽከርካሪን በኃይል አያግድም። ዳንፎ የተሰኙት ቢጫ ሚኒባሶች ተሳፋሪ ባገኙበት ሁሉ መቆም የለመዱ ሲሆን፣ መንገድ ሲጨናነቅ ወደ ባዶው መስመር መግባትም ለብዙዎች እንደ ብልሃት ይቆጠራል። አንድ መኪና እዚያ ቢበላሽ ግን ከኋላው ያሉት አውቶቡሶች ከነተሳፋሪዎቻቸው ይቆማሉ።

ደንቡን የሚጥሱት የታክሲ ሾፌሮች ብቻ አይደሉም፤ እንዲያውም ለአስፈጻሚው አካል ይበልጥ የሚያስቸግረው ሥልጣንን ተገን አድርጎ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የወቅቱ የሌጎስ አገረ ገዥ ባባቱንዴ ፋሾላ በመስመሩ ሲያሽከረክሩ ያገኟቸውን አንድ ኮሎኔልና አንድ የበታች ሹም ራሳቸው አስቁመው በቁጥጥር ሥር እንዲውሉ አድርገዋል። የክልሉ አዲስ የመንገድ ትራፊክ ሕግ የተፈረመው ከዚህ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነበር።