የአሞሌ ጨው አገር ጉብኝት



አንድ ቀን ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንጫወት፣ አንድ ወጣት አባል «አሞሌ ገንዘብ ነበር የምትሉት እውነት ነው ወይስ ተረት?» ብሎ ጠየቀን። እውነት ነው ብለን አፋችንን ሞልተን መለስንለት። ይሁን እንጂ ከየትና እንዴት እንደሚመጣ አጥርቶ የሚናገር ከመካከላችን ጠፋ። እንዲያው አሳፈረን። ስለዚህ ለዘመድ ጥየቃ መቀሌ በሄድን ጊዜ፣ መኪና ተጋርተን ወደ ጨዉ አገር ወረድን።

መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት። ከዚያ በበርሃሌ በኩል ተራራውን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። የጨዉ ሜዳ የሚገኘው በአፋር፣ ከዳሎል አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት፣ ውኃው በፀሐይ ተንኖ ጨዉ የቀረበት ቦታ ነው።

ሥራው በክንድ ነው። አንዱ ወገን ንጣፉን በረጅም እንጨት እየፈነቀለ ያነሣል፤ ሌላው ቁጢጥ ብሎ በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ እኩል እኩል አድርጎ ይጠርባል። ከእኛ አንዱ የተጠረበውን ለማየት ብድግ ቢያደርገው ከእጁ አምልጦ ለሁለት ተሰበረ። ጠራቢው ምንም አላለንም፤ ስባሪውን ብቻ ትክ ብሎ አየው። ዋጋውን ከፈልን፤ ግን እፍረቱ አለቀቀንም። በገንዘብነቱ ዘመንም የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበርና።

ነገሩ በጣም የቆየ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ለማምጣት ሲሄዱ ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቷል፤ ከመውጫው እየራቀ ሲሄድ ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል። አንድ ማርትሬዛ ብር በትግራይ ገበያ ብዙ አሞሌ ሲያወጣ፣ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር የሚያወጣው ያንሳል። ታዲያ ዋጋውን የሚጨምርለት ያ ሁሉ አቀበት ነው! እኛ በጽሕፈት ቤት ዕድሜያችንን ገንዘብ በወረቀት ስንመዘግብ፣ በእግርና በሸክም የሚለካ ገንዘብ እንደ ነበረ አስበን አናውቅም።

ጨዉን በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ደጋ የሚያወጡት ቅፍለቶች አርሆ ይባላሉ። የንግዱን ቀረጥ የሚቆጣጠረው ሹም ደግሞ ባልጋዳ የሚል ማዕርግ ነበረው። ከቀረጡ በላይ የነጋዴው ጠላት ዝናብ ነበር፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ገንዘቡን ያሟሟበታል። (ዛሬ ብር አይበረክትም የምንል ሰዎች ይህን እናስብ።)

ዐፄ ምኒልክ በ1894 በስማቸው ብር አስቀረጹ፤ በ1905 ደግሞ የአቢሲንያ ባንክ ተቋቋመ። ሁለቱም ዓመት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይሁንና አሞሌ ወዲያው አልተሻረም፤ በገጠሩ ገበያ ለብዙ ዓመታት ከብር ጋር አብሮ ሠርቷል። ከገንዘብነት ከወጣ በኋላም እናቶቻችን ለወጥ ይፈቀፍቁት ነበር።

አሁን የመኪና መንገድ ስለ ገባ የግመሉ ቅፍለት በጣም ቀንሷል። ጠራቢው ግን እኛ ባየነው ጊዜ ያው እንደ ጥንቱ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

ሁለቱን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልለን አመጣን። በዕድሩ ዕቃ ቤት ከትልቁ ድስት በላይ መደርደሪያው ላይ ይገኛል። የጠየቀን ልጅም ሌሎቻችሁም ክረምቱ ሳይበላው መጥታችሁ እዩት።