ጣርማ በር፣ ሚያዝያ 1928

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ያደረገው ጉዞ በኢጣሊያኖች ዘንድ «የብረት ቆራጥነት ጉዞ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ያማረ ነው። የጉዞውን ታሪክ ሳነብ ግን ለእኔ ከብረቱ ይልቅ ጭቃው ይታየኛል።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከተፈታ ወዲህ፣ ደሴ ሚያዝያ 7 ተያዘች። ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,700 የሚበልጡ መኪኖች፣ ፊያቱ፣ ላንቻው፣ ፎርዱ፣ ተሰልፈው ወደ ደቡብ ተነሡ። ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የአፈር መንገድ፣ ወቅቱም ዝናብ ነበር። ጎማው በሰመጠ ቁጥር ወታደሩ እየወረደ ይገፋል፤ ይጎትታል። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና አካፈልሁት፤ በቀን 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ደኅና በቅሎ ያለው የሸዋ ባላገር በዚህ የሚደነቅ አይመስለኝም። በእግራቸው የተላኩት የኤርትራ አስካሪዎችማ ከመኪኖቹ ቀድመው ዋና ከተማዋ ደጃፍ ደርሰዋል።

የጉዞው ማነቆ ጣርማ በር ነበር። ከደብረ ሲና በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ደጋውን ከቆላው የሚለይ ገደል ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከስዊድናዊው አሠልጣኛቸው ከሻምበል ቪኪንግ ታም ጋር በሩን እንዲይዙ ወደዚያ ተልከው ነበር። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆነው ነው። የኢጣሊያ ሰልፍ እዚያ ሲደርስ ትልቅ ውጊያ አልገጠመውም፤ ነገር ግን መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። እስኪጠገን ድረስ ያ ሁሉ መኪና በዝናብ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ቆመ።

ስለዚያች ቀን ብዙ አስቤአለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ አንሥቶ እስከ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ባለቤት አጥታ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ጣርማ በር ላይ መንገዱን የናዱት ሰዎች ለንጉሣቸው ጊዜ ገዝተውላቸዋል ማለት ይቻላል። ለከተማዋ ግን ያው ጊዜ የእሳት ጊዜ ሆነ። ያም ሆኖ እነርሱን የምወቅስበት አንደበት የለኝም፤ እጃቸው ላይ የነበረው ያ መንገድ ብቻ ነበር።

ኢጣሊያኖች የዚያን ሚያዝያ መከራ የረሱ አይመስለኝም። ወረራው በጸና ጊዜ በገደሉ አፋፍ መዞሩን ትተው ተራራውን በስተውስጥ በሱት፤ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ነው። ባለፈው ሐምሌ ወደ ደሴ ስሄድ አውቶቡሳችን ጉምና ዝናብ ለብሶ እዚያ ደረሰ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ማርሽ ቀንሶ ገባ። ማርሽ የምንለው ቃል ራሱ የእነርሱ ነው፤ በቋንቋቸው የመኪናውንም ማርሽ፣ የሠራዊትንም ጉዞ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የባዶሊዮ ጉዞ ስምም የሚጀምረው በእርሱ ነው። በአጠገቤ የተቀመጡ እናት ጨለማው ሲውጠን አማተቡ። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ዝናቡ እንዳለ ነበር፤ ረዳቱም ውሃ የሚያስገባውን መስኮት በጋዜጣ ይወትፍ ነበር።