ነገረ ማገዶ

ስለ እንጀራ የማይናገር ሰው የለም፤ እንጀራው ስለ ተጋገረበት እንጨት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የነገሥታቱን ዜና የጻፉ ሊቃውንት ዘመቻውንና ሹመቱን፥ የአብያተ ክርስቲያናቱን መታነጽና የግብሩን ስፋት ጽፈው አቈይተውልናል። ያ ግብር በስንት ሸክም እንጨት እንደ ተሰናዳ፥ እንጨቱንም ማን እንደ ተሸከመው ለመጻፍ ግን ብዙ አልደከሙም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማገዶ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። ነገሩ ለጊዜው ትንሽ ቢመስልም ከተማን የነቀለ፥ ተራራን ያራቈተ፥ የእናቶቻችንንም ጀርባ ያጐበጠ ነገር ነውና አንባቢ አይናቀው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ክረምት ሳይገባ የሚሠራውን ሥራ ያውቃል። በዚያ አገር ክረምቱ ጽኑ ነው፤ ዝናሙ ከጀመረ መሬቱ ይጨቀያል፥ ወንዙ ይሞላል፥ እንጨቱም ሁሉ ይረጥባል። ስለዚህ ብልህ አባወራ በበጋው ወራት ምሳሩን ስሎ ግንዱን ይቈርጣል፤ ቈርጦም ይፈልጣል፤ ፍልጡንም በፀሐይ አድርቆ ዝናም በማይደርስበት በታዛው ሥር ይከምራል። ሴቶቹና ልጆቹም ጭራሮውን ይለቅማሉ፥ ኩበቱን ጠፍጥፈው ያደርቃሉ። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ቤት እንደ ሆነ ደግሞ የአገሩ ጐልማሶች በደቦ ተሰብስበው ይፈልጡለታል። ማታ ቤተ ሰቡ የሚሞቀው፥ ወጡ የሚሠራው፥ እንግዳውም እግሩን የሚያደርቀው በዚያው በአንዱ ምድጃ ነው። በሐምሌ ሌሊት ክምሩ ያለቀበት ቤት ቢኖር እህል ሞልቶለት ሳለ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ የቤት እመቤትን ብልሃት ጐተራዋን ብቻ አይተው አይመዝኑትም፥ የእንጨቷንም ክምር ያያሉ እንጂ።

የአገሩ ሰው የእንጨቱንም ጠባይ ለይቶ ያውቃል። ወይራ ፍሙ የጸና ነው፥ ጢሱም የወተት ዕቃ ያጥናል። ክትክታ እሳት ፈጥኖ ይይዛል። ጥድና ዝግባ ግን ለምሰሶና ለሳንቃ እንጂ ለማገዶ አይሰጡም ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት እንጨት በሞላበት ዘመን የተገኘ ዕውቀት ነው። እንጨት ሲጠፋ ሰው መምረጥን ይተዋል፤ ያገኘውን ያነዳል።

ይህን ነገር በራሴ ያየሁት ስለ ሆነ ላውጋችሁ። በልጅነቴ በጎጃም በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ስማር ለመምህራችን ምድጃ እንጨት የማምጣቱ ሥራ በየተራ ነበረ። አንድ ቀን በሐምሌ ተራው የእኔና የአንድ ባልንጀራዬ ሆነ። ዝናሙን ፈርተን ወደ ሩቁ ቁጥቋጦ መሄድ ታከተን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብተን ከአንዲት ወይራ ቅርንጫፍ ቈርጠን መጣን። እርጥቡ እንጨት አልነድ ብሎ ጐጆውን ጢስ ሞላው። የኔታ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ልጆቼ፥ ይህ እንጨት ከወዴት መጣ?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። እርሳቸውም «እንግዲያስ እኔ ልንገራችሁ። ደረቅ እንጨት ከሩቅ ይመጣል፥ እርጥብ እንጨት ከቅርብ ይመጣል። የቅርቡን የሚቈርጥ ሰው እሳት አይሞቅም፤ ጢስ ይሞቃል እንጂ» አሉን። ከዚህ በኋላ በነሐሴ ከዱር ሁለት የወይራ ችግኝ አምጥተን በቈረጥንበት ቦታ እንድንተክል አዘዙን። ይህን ቃል ያን ጊዜ እንደ ተግሣጽ ብቻ ሰማሁት፤ ዛሬ የአገራችንን ታሪክ ስመለከት ግን ታሪኩ ሁሉ በውስጡ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ።

የቀደሙት ነገሥታት ከተማ አብዛኛውን ጊዜ የድንኳን ከተማ ነበረ። ንጉሡ ከሠራዊቱና ከመኳንንቱ ጋራ በአንድ አገር ይሰፍራል፤ የዚያ አገር እህልና እንጨት ሲያልቅ ወደ ሌላው ይነሣል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያገኘው እንዲህ ያለውን ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎችም የማገዶ ማለቅ ከመነሣቱ ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ ይናገራሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ብዙ ዓመት እንደ ተቀመጡ፥ አፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈርቍረው ለልጅ ልጅ መናገሻ እንዳደረጓት እናውቃለን፤ ነገር ግን የመነሣቱ ልማድ ፈጽሞ አልቀረም ነበር። መነሣት ለንጉሥ ይቻላል፤ ድንኳኑ ይነቀላል፥ በቅሎው ይጫናል። የተራቈተው ኮረብታና በዚያ የሚኖረው ገበሬ ግን እዚያው ይቀራሉ።

ይህ የመነሣት ነገር በመጨረሻ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በእንጦጦ ራስ ላይ ከተሙ። ቦታው ለጥበቃ መልካም ሲሆን ብርዱ ጽኑ፥ ነፋሱም ብርቱ ነው፤ ለሚነድደውም እሳት ልክ አልነበረው። ብዙ ሳይቈይ የተራራው ጥድና ወይራ መነመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቈረቈር ሕዝቡ ወደ ሜዳው ወረደ፤ የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ እንጨቱ እየራቀ ሄደ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የእንጨት መጥፋት ነበረ። ኋላ ግን አሳቡ ተለወጠ፥ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እርሷም ደብረ ጽዮን አዲስ ዓለም ማርያም ናት።

አዲስ አበባን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ ዛፍ ነው። ከአውስትራልያ የተገኘው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ ያስመጣውም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንደ ሆነ በብዙ ይነገራል። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ጠባዩ ከአገሩ ዛፍ ልዩ ነው። ጥድና ዝግባ ለአንድ ቤት ምሰሶ እስኪደርሱ የሰው ዕድሜ ያልቃል፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ይደርሳል፥ ተቈርጦም ከጉቶው ደግሞ ያቈጠቍጣል። ምኒልክም ችግኙ ለሕዝቡ እንዲሰጥ፥ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። እንዲህም ሆኖ ከተማው እንጨቱን መከተሉን ትቶ እንጨቱ ከተማውን ተከተለ። ዛፍ መትከል ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የመናገሻ ደን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይተረካልና። ለማገዶ ብሎ መትከል ግን ከዚህ በኋላ በሰፊው የተለመደ ሥራ ነው።

ነገር ግን ከጥቅም ጋራ ዕዳ ይመጣል። ባሕር ዛፍ ውኃ በብርቱ ይጠጣል፤ በሥሩም ሣርና እህል እንደ ልብ አይበቅልም። ገና በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጩን አደረቀ ተብሎ ከዛፉ ብዙው እጅ እንዲነቀል ታዝዞ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ማን ይነቅለዋል? በምድጃው ላይ ሌላ የሚያነድደው አልነበረውም። ሁለተኛው ዕዳ ደግሞ ጀርባ ላይ የወደቀው ነው። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክማቸው ከ30 ኪሎ ግራም የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተማይቱ በባሕር ዛፍ ዳነች ስንል በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ዳነች ማለታችን እንደ ሆነ ልብ ልንል ይገባናል።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ያደረጓት፥ አስቀድሞ ምንቈረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ዛሬ በባሕር ዛፍ ተከብባ ትታያለች፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ ግራና ቀኝም ገበሬው እርሻውን ከፍሎ ባሕር ዛፍ ተክሎ ይታያል። በአዊ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ሌላ የአውስትራልያ ዛፍ ተክሎ በአምስት ዓመት ያህል ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ብዙ ሰው በዚህ ቤቱን ቈርቈሮ አልብሶ ልጁን አስተምሯል። በቅርብ ዓመታት ግን በዲከረንሱ ላይ በሽታ ወድቆበት ብዙው ደርቋል። በአንድ ዛፍ ብቻ የተማመነ አገር በአንድ በሽታ እንደሚጐዳ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ማገዶ ሲያልቅ ሰው ወይ ይነሣል ወይ ይተክላል ብለናል። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም መከለል ነው። በጎጃምና በጎንደር ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ዛፍ የተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በዙሪያው ያለው አገር እርሻና ግጦሽ ሲሆን አገር በቀሉ ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባና ኮሶ በቅጥሩ ውስጥ ተጠብቆ ቈይቷል። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዶክትርና ትምህርታቸው መርምረዋል፤ ከዚያም በኋላ ከውጭ አገር ባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ደክመዋል። ከብት እንዳይገባ ካብ ሲካብ ከዛፎቹ ሥር ቡቃያው በቅሎ ይታያል።

በዚህ ስፍራ ለእኛ ለካህናቱ የሚነገር ነገር አለ፥ ቢመርም እንናገረዋለን። ከብት በካብ ይከለከላል፤ ባሕር ዛፍን ግን የሚያስገባው የቅጥሩ ጠባቂ ራሱ ነው። በብዙ ደብር የጥዱና የወይራው ቦታ እየጠበበ ባሕር ዛፍ ከቅጥር ውስጥ ተተክሎ ይታያል። ምክንያቱን አናጣውም። ጣራው ያፈስሳል፥ አገልጋዩ ይራባል፥ ባሕር ዛፉም ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። ይህን ያደረገውን ደብር ክፉ አንለውም። ነገር ግን አባቶች ለስድስት ትውልድ የጠበቁትን ለስድስት ዓመት ጥቅም መለወጥ ከቅርብ እንጨት መቍረጥ ነው። ባሕር ዛፉ ከቅጥር ውጭ፥ ከምንጭና ከእህል እርሻ ርቆ ቢተከል ገንዘቡም ይገኛል፥ ደኑም ይተርፋል። መቋሚያው የሚቈረጥበትን ወይራ ከገበያ የምንገዛበት ቀን እንዳይመጣ እንጠንቀቅ።

ስለ ነገም ጥቂት እንጨምር። በጎጃም ዳር ዓባይ ከገደል ወርዶ ያለ ማገዶ የሚጤስበትን ቦታ አባቶች ጢስ ዓባይ አሉት። በ1956 ዓ.ም. በዚያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በዓባይ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ውኃው ብርሃን ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ለምግብ ማብሰያ የሚነድደው ዛሬም አብዛኛው እንጨት፥ ከሰልና ኩበት ነው። መብራት የገባለት ቤት እንኳ አምፑሉን አብርቶ ምጣዱን በእንጨት ያሰማል። ኩበት በነደደ መጠን እርሻው ፍግ ያጣል፤ እንጨት በራቀ መጠን የሴቲቱ መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ገጠር እስኪደርስ ድረስ እያንዳንዱ ቤት የሚያነድደውን ያህል በራሱ መሬት ይትከል፤ የሚያነድደውንም በበጋ ቈርጦ አድርቆ ያኑር፤ እርጥብ እንጨት እጥፍ ይፈጃል፥ ዓይንንም ያጠፋልና። ሸክሙንም ባልና ሚስት ይካፈሉት፤ አህያ ያለውም ይጫንበት።

ንጉሥ እንጨት ሲያልቅበት የሚነሣበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ሕዝቡ በዝቷል፥ አገሩም ሁሉ ባለቤት አለው፤ ይህ ኮረብታ ቢራቈት የምንሄድበት ሌላ ኮረብታ የለንም።

እነዚያ ሁለት የወይራ ችግኞች ምን ሆኑ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ አንዱን ፍየል በላው። ሁለተኛው ግን ጸደቀ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያ ደብር ብሄድ ከቁመቴ በላይ ሆኖ አገኘሁት። በቋንቋችን ችግኝም ጸደቀ ይባላል፥ ሰውም ጸደቀ ይባላል። የዛፉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቈራጩ የእኔ ነገር ግን ገና ወደፊት የሚታይ ነው።