ሾላ፤ በባዕድ አገር በእጅ፣ በአገሩ በሸንጎ የኖረ ዛፍ

በግዕዝ ሰግላ፣ በአማርኛ ሾላ፣ በኦሮምኛ ኦዳ የሚባለው፣ ስሙ ቢበዛ ዛፉ አንድ ነው። ካህኑ በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ ዘኬዎስ የወጣበትን ያነባል፤ ከሞጆ እስከ አዳማና እስከ ዝዋይ ባለው ስምጥ ሸለቆ የሚኖረው ገበሬም በወንዝ ዳር ቆሞ ያየዋል። ብዙ ሰው ግን የመጽሐፉን ዛፍ የሩቅ አገር ተክል አድርጎ ያስበዋል። ታሪኩ ሲመረመር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሾላ በዚያ እንግዳ፣ በዚህ ባለአገር ነው።

የግብጽ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሦስት ሺሕ ዓመት ገደማ ጀምረው ሾላን ይተክሉ ነበር። ፍሬውን ይበላሉ፣ በጥላው ያርፋሉ፣ በእንጨቱም የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ። በምድረ እስራኤልም ንጉሥ ዳዊት በቈላው ባለው የወይራና የሾላ ዛፍ ላይ ሹም መሾሙ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ27ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ይሁን እንጂ በእነዚያ አገሮች ሾላ የሚበቅል ዘር አይሰጥም።

ምክንያቱም ይህ ነው። የሾላ አበባ እንደ ሌላው ዛፍ በውጭ አይታይም፤ በፍሬው ሆድ ተሰውሮ ይፈካል። ወደ ውስጥ ገብታ ብናኙን የምታደርስ፣ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ ተርብ አለች። እርስዋም በሐሩር አፍሪካ ከሾላ ጋር ትኖራለች እንጂ በግብጽ የለችም። በዚያ ያለችው ሌላይቱ ተርብ በአበባው ውስጥ ትራባለች እንጂ ዘር አታስገኝም። ስለዚህ ግብጻዊው ቅርንጫፉን እየቈረጠ ይተክላል፤ ፍሬውንም ገና ጥሬ ሳለ በስለት ይበጣዋል፤ የተበጣውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይበስላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ፣ ፍሬው በብረት ካልተጫረ እንደማይበስል ጽፏል። ነቢዩ አሞጽ በ7ኛው ምዕራፍ ስለ እጅ ሥራው የተናገረውን ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ «የሾላ ፍሬ የሚጭር» በሚል ስሜት መተርጐማቸው ከዚህ ጋር ይስማማል። በቅርብ ዘመን የተነሡ የዕፀዋት መርማሪዎችም፣ ከቁስሉ የተነሣ የሚመነጨው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ፍሬውን እንደሚያበስለው ገልጠዋል።

በአገሩ ግን ተርቢቱ ስላለች ፍሬው ያለ ስለት ይበስላል፤ ወፍና ዝንጀሮ በልተው ዘሩን ይበትኑታል። ስለዚህ ሰው ለሾላ ያደረገለት ውለታ ባለመቍረጥ ነው። የቱለማ ኦሮሞ አባቶች ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ፣ በዱከም አቅራቢያ ባለው በኦዳ ነቤ ተሰብስበው ሕግ ይደነግጉ፣ በገዳ ሥርዓትም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይረካከቡ ነበር። ሸንጎ የተቀመጠበትን ዛፍ መጥረቢያ አይደፍረውም፤ የቤተ ክርስቲያን አጥር ወይራውንና ጥዱን እንደ ጠበቀ፣ የሸንጎ ክብር ኦዳውን ጠበቀ። ይህ የገዳ ሥርዓት በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል።

አዳማ ራስዋ ስሟን ከዕፅ አገኘች ይባላል፤ አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል ማለት ነውና። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ብትባልም፣ በኋላ የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። ስም መመለስ ቀላል ነው፤ ዛፍ መመለስ ግን የሰው ዕድሜ ይፈጃል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በሐዲዱ ዳር ከተሞች ሰፍተዋል፤ ከተማም ማገዶና ምሰሶ፣ የቤት መሥሪያም ቦታ ይሻል። ሸንጎ ያልተቀመጠበት ሾላ በዚህ መካከል ጠበቃ የለውም።

ዘር የተነፈገው ግብጻዊ ቅርንጫፍ እየተከለ ዛፉን እስከ ዛሬ አኖረው። ዘሩም ተርቢቱም የተሰጡት ባለአገር፣ ክረምት ሲገባ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በእርጥብ መሬት ቢተክል ምን ይጐድልበታል? አባቶች ባለመቍረጥ አቈዩ፤ ለልጆች ግን ካልተከሉ አለመቍረጥ ብቻውን አይበቃም።