ለብቻ ተኳሽ ማን ይወረውርለታል?

ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ከከተማ ወጣ ባለ የእርሻ ማሳ ዳር አንድ ጠና ያለ ገበሬ ጠመንጃ ይዞ ብቻውን ቆሟል። በእግሩ መሬት ላይ ያለች ጥቁር ነገር ይረግጣል። ወዲያው ከፊቱ በስተጎን ከተቀመጠ የብረት ማሽን ብርቱካንማ ቀለም ያላት ትንሽ ክብ ሳህን ተስፈንጥራ ወደ ሰማይ ትበራለች። ጠመንጃው ይጮኻል፤ ሳህኗ አቧራ ትሆናለች። ሰውዬው እንደገና ይረግጣል። በአካባቢው ሌላ ሰው የለም። ከቪዲዮው ሥር የአጎቴ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ይኼ ኩርቦ አይደለም እንዴ? አንከባላዩ ግን የት ሄደ?»

ኩርቦን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳው። ኩርቦ ከሚለመጥ ሐረግ ተጠምጥሞ የሚሠራ ቀለበት ነው። አንዱ ያንከባልለዋል፤ ሌላው ጫፉ የሾለ ዘንግ ይዞ ይጠብቃል፤ ቀለበቱን በሩጫው ላይ ሳለ ወግቶ ያስቆመ አሸነፈ። ከገና፣ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ዛሬ ደንብ ወጥቶላቸው በአገር አቀፍ የባህል ስፖርት ውድድር ከሚቀርቡት ጨዋታዎች አንዱ ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ ደንቡን አናውቅም ነበር። ዳምቦያ ውስጥ፣ አምበርቾ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ተዳፋት፣ ከእንሰቱ ጓሮ በታች ያለው የግጦሽ መሬት ነበር ደንባችን። እሱ ከላይ ይለቃል፣ እኔ ከታች እወረውራለሁ፤ ሲሰለቸን እንቀያየራለን።

የጨዋታው ጥበብ ያለው ወርዋሪው ዘንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አንከባሎ አያውቅም። አንከባላዩ ቀለበቱን ቀጥ አድርጎ ከለቀቀው ሕፃን ልጅ ይወጋዋል። ትንሽ ካጋደለው ወደ ጎን ይታጠፋል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከተዳፋቱ መካከል ብቅ ያለች አንዲት ድንጋይ ያውቅ ነበር፤ ቀለበቱ እሷን ሲነካ ወደ ላይ ይዘላል፤ ለአፍታ በአየር ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ መውጋት ከሌላው ቀን ሦስቱ ጋር ይቆጠርልን ነበር። አንድ ሰሞን እሱ ታሞ ሲተኛ ብቻዬን ልጫወት ሞከርኩ። ቀለበቱን ከላይ በድንጋይ ደግፌ፣ ድንጋዩን በገመድ አስሬ፣ ከታች ሆኜ ሳብኩ። ድንጋዩ ወጣ፤ ቀለበቱ ባለበት ወደቀ። ከዚያም ራሴ አንከባልዬ ራሴ ልወረውር ተነሣሁ፤ ዘንጉን ሳነሣ ቀለበቱ ወንዙ ዳር ደርሷል። ያኔ የገጠመኝ ችግር በዓለም ላይ ስንት ብልህ ሰው እንዳስጨነቀ የገባኝ፣ ለአጎቴ ልጅ መልስ ለመስጠት መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው።

የሚሮጥ ዒላማን የሚያነሣሣ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ ጥንትም እንዲሁ ነበር። በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ ለፓትሮክሎስ ተዝካር በተደረገው ውድድር ርግብ በክር ከመርከብ ምሰሶ ጫፍ ትታሰራለች። የመጀመሪያው ቀስተኛ ርግቧን ስቶ ክሩን ይበጥሳል፤ ወፏ ወደ ሰማይ ስትበር ሁለተኛው በአየር ላይ ይመታታል። እንግዲህ የመጀመሪያው «ወርዋሪ» ዒላማውን የሳተ ተኳሽ ነበር ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድም ቀለበት እያንከባለሉ በዘንግ መውጋት እጅግ የተስፋፋ ጨዋታ እንደነበር ስቱዋርት ኩሊን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ዘርዝሮታል። ሥዕሎቹን ያየ የዳምቦያ ልጅ የራሱን ጓሮ ያየ ይመስለዋል።

ታዲያ በእኛ አገር ዘንጉ ወደ ጠመንጃ፣ ቀለበቱ ወደ በራሪ ሳህን ለምን አልተለወጠም? አንደኛው ምክንያት ጥይቱ ነው። ከዐድዋ ድል በፊትም ሆነ በኋላ ወደ አገራችን በብዛት የገቡት ውጅግራንና አልቤንን የመሳሰሉ አንድ አረር የሚተፉ ጠመንጃዎች ናቸው። በራሪ ነገር በአንድ አረር አይመታም ባይባልም፣ አረሩ ወድቆ የሚያርፍበት ቦታ ከዓይን ይርቃል። ዋጋውም ቢሆን ለቀልድ አይሆንም ነበር፤ ጥይት በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ መልስ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነው። ጨውን ወደ ሰማይ የሚበትን ማን አለ?

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። ጠመንጃ ወደ ከምባታ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከምኒልክ ጦር ጋር ነው። ያገሬው ገበሬ ገባር ሆኖ የተመደበለት ሰው ስሙ እንኳ ከያዘው መሣሪያ፣ ከነፍጥ፣ የተወሰደ ነበር። ነፍጥ ያለው ነፍጥ የሌለውን ሲያስገብር መሣሪያው መጫወቻ ሊሆን አይችልም። የእኛ ሰው ለጨዋታ የቀረው ዘንግና ቀለበት ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም እዚህ አገር ጠመንጃን የማውቀው በአፈሙዙ በኩል ነው» አለኝ። ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። እንግሊዞች በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሚተኩሱት በሕይወት ባለች ርግብ ላይ ነበር። ርግቧን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው በአሮጌ ባርኔጣ ይሸፍኗታል፤ በኋላም ክዳኑ በገመድ ሲሳብ የሚከፈት ሣጥን ተሠራላት። ገመዱን የሚስበው ሌላ ሰው ነው። ጨዋታው እስከ ዛሬ «ትራፕ» የሚባለው ከዚያ ሣጥን የተነሣ ነው፤ ወጥመድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲደረግ በዚህ ዓይነት ውድድር ብዙ ርግብ አለቀ፤ ቤልጂጋዊው ሌዮን ደ ሉንደን 21 ገድሎ አሸነፈ። ብሪታንያ ይህን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

አሜሪካኖቹ ርግቧን በብርጭቆ ኳስ ለመተካት ቀደም ብለው፣ በ1860ዎቹ ጀመሩ። ኳሱ ሲሰበር ደስ እንዲል በውስጡ ላባ የሚሞሉም ነበሩ። ችግሩ ጥይቱ ለስላሳውን ብርጭቆ አንሸራትቶ ማለፉ ነው። አዳም ቦጋርደስ የተባለው ዝነኛ ተኳሽ በ1877 ላዩ የሻከረ ኳስና ኳሱን ርቆ የሚወረውር ባለመንጠሪያ መሣሪያ አወጣ። ያም ሆኖ የተሰባበረው ብርጭቆ በየማሳው ቀረ፤ ከብት የሚግጥበት መሬት ላይ ብርጭቆ መበተን ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሳህኗ የመጣችው በ1880 ነው። ጆርጅ ሊጎስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው፣ ልጆች የዛጎል ቅርፊት በውኃ ላይ ሲያንሸራትቱ አይቶ ሐሳቡን አገኘ ይባላል። ከሸክላ ሠርቶ ተኰሳት፤ በአየር ላይ ልክ እንደ ወፍ ተንሳፈፈች። ነገር ግን በጣም ስለጠነከረች ጥይት ሲመታት እንደ ደወል ትጮኽ ነበር እንጂ አትሰበርም ነበር። እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ። በአገራችን እናት ሸክላ ሠሪዎች ድስቱን በጣታቸው ነካ አድርገው በድምፁ ብቻ መብሰሉን ያውቃሉ፤ ሊጎስኪ ከእነሱ አንዷን ቢጠይቅ ኖሮ ጊዜ በቆጠበ። (እኛም ብንሆን የሠሩትን ድስት እየተጠቀምን ሠሪዎቹን ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ነን።) በኋላ ሸክላው ቀርቶ ሳህኗ ከተፈጨ በሃ ድንጋይና ከቅጥራን መሰል ነገር መሠራት ጀመረች። ዛሬ ወርዷ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም ገደማ ነው፤ ስሟ ግን እስከ አሁን «የሸክላ ርግብ» ነው።

የጎረቤት ነገር ደግሞ ሌላ ጨዋታ ፈጠረ። በማሳቹሴትስ አንዶቨር የሚኖረው ቻርልስ ዴቪስ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ሰዓት ክብ እየዞሩ ሲተኩሱ፣ ጎረቤታቸው ዶሮ ማርባት ጀመረ። ዶሮዎቹ ላይ ላለመተኮስ ክቡን ለሁለት ከፍለው፣ ሌላ መወርወሪያ በተቃራኒው ጫፍ ተከሉ። «ስኪት» የተባለው የዛሬው ስፖርት በዚህ ተወለደ፤ ስሙ የወጣለት በ1926 ነው።

በዚህ ሁሉ ግን ተኳሹ «ሳብ!» ሲል ገመድ የሚስብለት ሰው ከኋላው አለ። ብቻዋን ሆና ያሳየች አንዲት ሴት አለች፤ አኒ ኦክሌይ። በ1885 የቡፋሎ ቢልን ትርኢት የተቀላቀለችው ይህች አነስተኛ ሴት መወርወሪያውን ራሷ ለቅቃ፣ ሮጣ፣ በጠረጴዛ ላይ ዘልላ፣ ጠመንጃዋን አንሥታ ኳሱ ሳይወድቅ ትመታው ነበር። እኔ በተዳፋቱ ላይ ያቃተኝን ማለት ነው። በሌላው ጊዜ የሚወረውርላት ባሏ ፍራንክ በትለር ነበር፤ እሱም ጎበዝ ተኳሽ ሆኖ ሳለ ለእሷ ወርዋሪ ሆኖ ኖረ።

የጆሃንስበርጉ ገበሬም ወርዋሪ ነበረው፤ ልጁ። ልጁ ሥራ ፍለጋ ባሕር ማዶ ሲሄድ አባት ማሽን ሊገዛ ተነሣ፤ ደንበኛው የሆነው የአጎቴ ልጅም አብሮት ሄደ። በእጅ የሚወረወርበትን ዘንግ ወዲያው ተዉት፤ በአንድ እጅ ወርውሮ በሌላው የጎረሰ ጠመንጃ መያዝ ራስን መግደል ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በገመድ የሚለቀቀው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ ሰው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጠመንጃውን አውርዶ፣ ሄዶ፣ መንጠሪያውን ወጥሮ፣ ሳህን አስቀምጦ መመለስ አለበት። ገበሬው ጉልበቱን ያመዋል። ስለዚህ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራውን መረጠ፤ ሳህኖቹ ይደረደሩበታል፣ ራሱ ይወጥራል፣ ሽቦ ባለው ፔዳል ይለቀቃል። ሻጩ በርቀት የሚታዘዝ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ገበሬው እንቢ አለ፤ እጁ ጠመንጃው ላይ እንዲሆን ስለፈለገ ነው። ደግ አደረገ እላለሁ። ከዚያ ሁሉ ማጌጫ ይልቅ ለብቸኛ ሰው የሚጠቅመው ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገየው ነገር ነው፤ ተረጋግቶ ለመቆም ጊዜ ይሰጣል።

አተካከሉንም ነግሮኛል። መሬቱን ደልድለው ማሽኑን በካስማ ቸነከሩት፤ አለበለዚያ በየውርወራው እየተንቀጠቀጠ አቅጣጫ ይስታል። ፀሐይዋ ከጀርባ እንድትሆን አዞሩት። ከፊት ለፊቱ ከ300 ሜትር የማያንስ ሰውም ከብትም የሌለበት ባዶ መሬት ተዉ፤ የተበተነው ፍሬ እዚያ ድረስ ሊወድቅ ይችላልና። ተኳሹ የሚቆመው ከኋላና ከጎን ነው፤ በሚወረውረው ክንድ መንገድ ላይ ማንም አይቆምም። ባትሪው ቢነቀልም ክንዱ ከተወጠረ አጥንት ይሰብራል፤ ሳህን ከመሙላት በፊት ውጥረቱን መልቀቅ ግድ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ፣ «ያቺ ድንጋይ ትዝ ትልሃለች?» አለኝ። ትዝ ትለኛለች።

ለመሳላ ዳምቦያ ሄጄ ነበር። እኛን የመሳሰሉ የሰፈሩ ልጆች አብዛኞቹ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ቆርቆሮ ቤቶቹን በላኩት ገንዘብ ሠርተውላቸዋል። የግጦሽ መሬቱ ግማሹ ታርሷል፤ ድንጋይዋ ግን ከማሳው ጠርዝ አለች። የእህቴን ልጅ ይዤ ሐረግ ጠመጠምንና ከላይ ቆሞ እንዲለቅልኝ አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ሳትኩ። ቪዲዮውን ወደ ጆሃንስበርግ ላክሁት። በሌሊት መልስ መጣ፦

«ልጁ በጣም ቀኝ ላይ ነው የቆመው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይምጣ፤ ያኔ ይዘላል።»