ትእዛዙ ያልገባው ልጅ

በ2018 ዓ.ም. የጊፋታ ሰሞን ወላይታ ሶዶ፣ ወንድሜ ቤት ሰንብቼ ነበር። ግቢው በበዓል ዝግጅት ተተራምሷል፤ ሴቶቹ ለዳጣው በርበሬ ይደልዛሉ፣ ወንዶቹ ስለሚታረደው በሬ ይማከራሉ። ሥራ ፈት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሰባት ዓመቷን የወንድሜን ልጅ ጠርቼ፣ «ዛሬ ምንም የማላውቅ እንግዳ ነኝ። ያዘዝሽኝን ብቻ ነው የማደርገው። ከአጥሩ በር እስከ ማድቤት ውሰጂኝ» አልኳት።

«ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። ቁም አላለችኝምና ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። ቤተሰቡ ሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ፣ «አሥር እርምጃ ሂድና ቁም፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዙር» አለች። ፊት ለፊቴ ቆማ ነበርና የእሷ ቀኝ ለእኔ ግራ ሆነ። በሦስተኛው ግን መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ እርምጃውንም በእኔ እግር ለካችው። ማድቤት ደረስኩ።

ይህ ጨዋታ ዛሬ በብዙ አገር ሕፃናት ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት የኮምፒውተርን ጠባይ የሚማሩበት ነው። ተራውን ጠብቆ፣ አንዱንም ሳይዘል ወደ ውጤት የሚያደርስ የትእዛዝ ሰንሰለት አልጎሪዝም ይባላል። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የሒሳብ መጽሐፉ ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙም አብሮ ተለወጠ። ቃሉ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች በቃላቸው የሚያጠኑት ባሕረ ሐሳብ ከዚህ በምን ይለያል? የዘመን መለወጫን ዕለት ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፤ የተገኘውን ለ4 ከፍለህ ድርሻውን በራሱ ላይ ጨምር፤ ድምሩን ለ7 ግደፍ። የተረፈው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ 3 ከሆነ ሐሙስ ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለ2018 ብንሞክረው 7518 እና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። መስከረም 1 ቀንም ሐሙስ ነበር።

ወላይታም የራሱ ቀመር አለው። የጥንት ሽማግሌዎች የጊፋታን ቀን ለመለየት ጨረቃን ይከታተሉ ነበር። ዛሬ በዓሉ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። ይህን ደንብ ልብ ላለው ሰው ብልሃት አለበት፤ ከ14 እስከ 20 ያሉት ቀናት ልክ ሰባት ናቸውና በመካከላቸው አንድ እሑድ ብቻ ይገኛል። ከአንድ አይበልጥም፣ ከአንድም አያንስም።

ይሁንና ትእዛዝ የሚሠራው ቃሉ ሲገባ ነው። እኔ በልጅነቴ የተማርኩት በአማርኛ ነበር፤ በቤታችን ግን የሚነገረው ወላይትኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን በፈተና ላይ «የትክክለኛውን መልስ ፊደል ክበብ» የሚል ትእዛዝ መጣ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ክበብ» ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። መልሶቹን በሙሉ ከጥያቄዎቹ ሥር ጽፌ ሰጠሁ። ዜሮ አገኘሁ፣ ተገረፍኩም። ያልሰማ ልጅ ሰነፍ ይባል ነበር፤ ትእዛዙን የሚመረምር አልነበረም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ወላይትኛ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። የዘመቻው ቋንቋዎች ኋላ 15 ደርሰዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ ወላይትኛም በላቲን ፊደል ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ። ልጁ በመጨረሻ በእናቱ ቋንቋ ታዘዘ አልን።

ደስታው አልሰነበተም። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ በመጻሕፍት ታትሞ ወደ ክፍል ገባ። ስሙ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን መነሻ ፊደላት አጣምሮ የተሠራ ነው፤ ቋንቋውም እንደዚያው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዘመዳሞችን አንድ ላይ ስላስቀመጡ አዲስ እናት አይወለድም። ያን ቅልቅል በቤቱ የሚናገር አንድም ልጅ አልነበረም። በኅዳር ወር ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መምህራን ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ወጡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፖለቲካው ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን የማስበው ያን መጽሐፍ ገልጦ የመጀመሪያውን መስመር ማንበብ ያቃተውን ልጅ ነው። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ከልጁ ፊት ለፊት ቆመው «ወደ ቀኝ» ያሉ ይመስለኛል። ቀኙ የእነሱ ነበር። መጥቶ ከኋላው የቆመ አልነበረም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የወንድሜ ልጅ ሌላ ጨዋታ ጠየቀችኝ። «በ2019 መስከረም 1 ዓርብ ነው። ከዚያ ጀምረሽ እሑድ እስክትደርሺ ቁጠሪና የጊፋታን ቀን ንገሪኝ» አልኳት።

ጣቷን እያጠፈች «ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ» አለችና ወዲያው ጮኸች፤ «መስከረም 3!»

«ተሳሳትሽ» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ያልኳትን አንድም ሳታጎድል ፈጽማለች። ከ14 በፊት ያለውን እሑድ እንድታልፍ መቼ ነገርኳት? ትእዛዜን አስተካክዬ እንደገና ጀመርን፤ 17 ላይ ስትደርስ ቆመች።